ደረቅ ጠመኔ

አሳየች ደወል የምትፈራ መምህርት ነበረች። አትሳቁ። የሳቁባት ነበሩ፤ ኋላ አፍረዋል። ወፍጮ የሚፈራ ባለወፍጮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ እንደዚያ ነው። በየካ ተራራ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ቤቱ ከሚጀምርበት ላይ ባለችው ትምህርት ቤት ከደወል ማምለጫ የለም። ለመግቢያ ይደወላል፤ ለዕረፍት ይደወላል፤ ከዕረፍት ለመመለስ ይደወላል፤ ዳይሬክተሩ አቶ ገመዳ የሚናገሩት ነገር ትዝ ካላቸው ደግሞ እንደገና ይደወላል።

ደወሏ የአሮጌ ትሬንታ ኳትሮ መኪና ቸርኬ ናት፤ ግቢው መካከል ካለው ጽድ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥላለች። የሚደውሏት ዘበኛው ጋሽ ነገሳ ናቸው። ጋሽ ነገሳ ድሮ እዚያው ተራራው ጎን ላይ ገብስ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸውን ሲውጠው ዘበኛ ሆነው ቀሩ። በሬዎቻቸውን ይወዱ የነበረውን ያህል አሁን ቸርኬዋን ይወዳሉ፤ በጨርቅ ይወለውሏታል፤ «ድምጿ ጉርድ ሾላ ድረስ ይሰማል» እያሉም ይኩራራሉ። ይዋሻሉ፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል።

አሳየች ደወል ፈርታ አልተወለደችም። የተማረችው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሳለች የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሁሉ ቀድማ ወደ ሜዳው የምትፈተለከው እሷ ነበረች። እናቷ እማማ ወለተሥላሴ «ይቺ ልጅ እግሯ ላይ ነፋስ አለ» ይሉ ነበር። አድጋ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ተመርቃ ስትመጣም «አንደኛ ክፍልን ስጡኝ» ብላ ለመነች። አንደኛ ክፍልን የሚለምን መምህር በዚያ ግቢ ከእሷ በፊት አልታየም፤ ንፍጥ መጥረግ ማን ይወዳል? እሷ ግን ወደደችው። ቁጥር ያልገባው ልጅ ድንገት ገብቶት ዓይኑ ሲበራ ማየት ነበር የእሷ ደስታ፤ ከዚያ በላይ ደመወዝም አትፈልግ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ሲል ወሰዷት። በምን ጥፋት ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ያን ጊዜ ጥፋት መፈለግ የሞኝ ሥራ ነበር። የምታውቀው አንድ ልጅ ወረቀት ሲበትን ተያዘ፤ ሲደበደብ ያወቀውን ስም ሁሉ ጠራ፤ ከጠራቸው አንዱ የእሷ ነበር፤ በቃ።

በታሠረችበት ግቢ አንድ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። እሱ ሲመታ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ይሰለፋል፤ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራ ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። አንዳንዱ ወደ ቤቱ ነው። አንዳንዱ የት እንደሄደ ግን እስከ ዛሬ የሚጠይቅ እንጂ የሚመልስ የለም። አጠገቧ ትተኛ የነበረች ሙሚና የምትባል የመርካቶ ልጅ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ስሟ ተጠርቶ፣ ማበጠሪያውን ፀጉሯ ላይ እንደሰካች ወጣች። አልተመለሰችም። አሳየች ለአራት ዓመት፣ ያ ብረት በተመታ ቁጥር የራሷን ስም ጠበቀች።

ስሟ የተጠራው ለፍቺ ነበር፤ ተመስገን ነው። ወደ ሥራዋም መለሷት፤ አንደኛ ክፍልንም መልሰው ሰጧት፤ ምክንያቱም ቀደም ብዬ እንዳልኩት ክፍሉን የሚፈልገው ሌላ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆማ የልጆቹን ስም ስትጠይቅ የሆዷ ደስታ በዓይኗ ሊፈስ ነበር። እንዲህ ሆና ሳለች ጋሽ ነገሳ ቸርኬዋን መቱ።

ሐዲዱ ማንንም አልገደለም፤ ብረት ነው። ቸርኬዋማ ጭራሽ ምን በደለች? ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። መዳፏን ላብ አጠመቀው፤ ጠመኔው በእጇ ላይ ሊጥ ሆነ። ዞራ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አደረገችና እስኪያልፍ ቆመች። በነጋታውም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። የየካ ሚካኤል የቅዳሴ ደወል ሳይቀር ያንቀጠቅጣት ጀመርና ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። እማማ ወለተሥላሴ ልጃቸው እስር ቤት ውስጥ እምነቷን ጥላ የመጣች መስሏቸው በድብቅ አለቀሱ። እሷም አልነገረቻቸውም። ምን ብላ ትንገራቸው? ደወል ፈራሁ ትበል?

ነገሩ አደባባይ የወጣው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከገና በኋላ ነው። የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ አሳየች ፊቷን ወደ ሰሌዳው አድርጋ፣ የራሷ በማይመስል ድምፅ፣ «ጸጥ በሉ። ማንም እንዳይንቀሳቀስ። ስም ሊጠራ ነው» አለች። የአንደኛ ክፍል ልጆች ዕረፍታቸውን በሙሉ እጃቸውን አጣምረው፣ አንዳቸውም ሳያስነጥሱ ተቀመጡ። ማታ ለወላጆቻቸው ነገሩ። በማግስቱ ወላጆች ዳይሬክተሩ ቢሮ ሞሉ።

አቶ ገመዳ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደረቅ ነበሩ፤ ደረቅነትና ክፋት ደግሞ አንድ አይደለም። አሳየችን ጠርተው አስቀመጧት።

«ጓዲት አሳየች፣ ያየሽውን አይተሻል፤ እኔ አልጠይቅሽም። ግን ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በደወል ነው። ልጆቹን ማስፈራራት አይቻልም። እስከ ሰኔ እጠብቅሻለሁ። አንድ ቀን ሳልነግርሽ ክፍልሽ እመጣለሁ። ደወሉ ሲደወል እንደ መምህር ከቆምሽ ክፍሉ የአንቺ ነው። ካልሆነ ንብረት ክፍል ትገቢያለሽ፤ ጠመኔና መጥረጊያ ታድያለሽ።»

ጠመኔ ለሌላ መምህር ማደል። ለአሳየች ከዚህ የባሰ ፍርድ አልነበረም። እስር ቤት ሆና እንኳ ያኖራት አንድ ቀን እዚያ ክፍል መልሳ የመቆም ተስፋ ነበር። ጋሽ ነገሳ ወሬውን ሲሰሙ ምሳቸውን መብላት አቃታቸው። በማግስቱ የሚመቱበትን ብረት በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ደወሉ፤ ድምፁ ዱብ ዱብ ብሎ ቀረ፤ ሜዳው ዳር የነበሩት ልጆች ሳይሰሙ ቀሩና አቶ ገመዳ ተቆጧቸው። ጨርቁን ፈቱት። «እኔ የማውቀው መደወል ነው እንጂ ሰው ማስደንገጥ አይደለም» እያሉ ለሚያልፈው ሁሉ ያማርሩ ነበር።

ዓምደ ሚካኤል የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነው፤ ሰው በደወል እንዴት እንደሚማር አጠናለሁ ብሎ የየካ አካባቢ መምህራንን ለሙከራ ይፈልግ ነበር። በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ መሣሪያውን ዘረጋ፤ መነጽር የመሰለ ነገር፣ ከጎኑ ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ደወል። መነጽሩን ታደርጋለህ፤ ደወሉ ቅጭል ይላል፤ ወዲያው ቱቦው ዓይንህ ላይ እፍ ይላል፤ ዓይንህ ይጨፈናል። ይህ ሲደጋገም ዓይንህ ይማርና ንፋሱ ሳይመጣ፣ በደወሉ ብቻ ይጨፈናል። አንድ የሩሲያ ሊቅ በውሻ ላይ የጀመረው ነገር ነው ብሎ ማስረዳቱ ግን ስሕተት ነበር። የስፖርት መምህሩ «እኛን ከውሻ ጋር?» ብለው መነጽሩን ሊያወልቁ ሲሉ በስንት ልመና ተቀመጡ።

የአሳየች ተራ ደረሰ። መነጽሩን አደረገች። ደወሉ ቅጭል አለ። ቱቦው ገና እፍ ሳይል ዓይኗ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ዓምደ ሚካኤል መሣሪያውን አጠፋና ሌሎቹን መምህራን ሻይ እንዲጠጡ አሰናበታቸው።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደወል ከዚህ በፊት ምን አድርጎዎታል?»

«ምንም። ብርድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አተኩሶኛል።»

«የሌሎቹ ዓይን እስኪማር ስደውል ነው የዋልኩት። የእርስዎ ዓይን ግን ተምሮ ነው የመጣው።» መነጽሩን ተቀበላትና፣ «ያስተማረው ክፉ አስተማሪ ነው። ቢሆንም ትምህርት ነው» አለ።

አሳየች እብደት ነው እስኪላት ትጠብቅ ነበር። ጎረቤት የጠላት ዓይን ነው ብሏል፤ የስብሰባው ካድሬ የትናንት አስተሳሰብ ርዝራዥ ነው ብሏል፤ እናቷ እንጦጦ ጠበል እንሂድ ብለዋል፤ እሷ ራሷ ግን ልቤ ተሰብሮ ቀረ ብላ ነበር የደመደመችው። ትምህርት ነው ያላት ሰው አልነበረም። ትምህርትንማ ታውቀዋለች፤ ሥራዋ ነው። ሰባትን ገልብጦ መጻፍ የለመደ ልጅ አቅንቶ እንዲጽፍ ስንቱን አስተምራለች። እዚያው ተቀምጣ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«ታዲያ ይለቃል?» አለች።

«በትምህርት የመጣ በትምህርት ይለወጣል። ደወሉን ከሩቅ እናስጀምረው፤ ክፉው ነገር ሳይከተለው፣ ደስ የሚል ነገር እየተከተለው። ቀስ እያልን እንቅረብ።»

አሳየች የምታስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለነበር ጠዋቷ ነፃ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዓምደ ሚካኤል በጠዋት እየመጣ፣ ሁለቱ የእንጦጦን አቅጣጫ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ባሕር ዛፉ መካከል ትምህርት ቤቱ ቁልቁል የሚታይበት አንድ ቋጥኝ አለ። እዚያ ይቀመጣሉ። የጠዋቱ ፈረቃ የዕረፍት ደወል ከታች ቀጥኖ ይሰማል። ደወሉ እንደተሰማ እሱ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ይሰጣታል፤ ከዚያ ይጠይቃታል፦ «ፍርሃትሽ ከአሥር ስንት ነው?» አንቱታውን ያስተወችው እሷው ናት፤ እኩያሞች ነን ብላ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ቢሆን ነው።»

ይደሰታል። በማግስቱ ይቀርባሉ። «ዛሬስ?» «ደህና ነኝ፤ ምንም አልል።» አሁንም ይቀርባሉ። ዓምደ ሚካኤል እንዲህ ፈጥኖ የዳነ ሰው የትም አልተጻፈም እያለ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አጣ። ወር ሳይሞላ ከግቢው አጥር ሥር ደረሱ። እሱም አላስቻለውም፤ አቶ ገመዳ ቢሮ ገብቶ «ድናለች፤ ይምጡና ይዩ» አለ። አሳየች ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ አመሰገነችው።

አንድ ከሰዓት አቶ ገመዳና ዓምደ ሚካኤል ከክፍሉ ኋላ ቆሙ። አሳየች መደመር እያስተማረች ነበር። ጋሽ ነገሳ ቸርኬዋን መቱ። አሳየች ሰሌዳውን ልትይዝ እጇን ሰነዘረች፤ አልደረሰችበትም፤ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ስትወድቅ የጋዋኗ ኪስ ተገለበጠና ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ከረሜላ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጆቹ እግዜር ሰጠን ብለው ተረባረቡ። ዓምደ ሚካኤል እግሩ ሥር የመጣችውን አንዷን አነሣ። ወረቀቷ አልተፈታም። ከተሰጠችው ከረሜላ አንዷንም አልቀመሰችም።

ዐቢይ ጾም ነበራ። በጠዋት፣ ጾሙ ሳይፈታ ከረሜላ የሚበላ ማን ነው? ስሙ ዓምደ ሚካኤል የሆነ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል ብትሉ፣ ስሙን እናቱ አወጡለት፤ ጾሙን ሞስኮ አስረሳው። እሷም አልነገረችውም፤ የሰጠህን ሰው እጅ መመለስ ነውር ነው ብላ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። የከረሜላውስ ይሁን። ከአሥር አንድ ነው ያለችውስ?

አቶ ገመዳ አሳየችን ደግፈው አስነሡና ዞር ብለው፣ «ጓድ፣ ድናለች ማለትህ ይህን ነው?» አሉት። ወደ እሷም ዞረው፣ «ቃሌ ቃል ነው፤ እስከ ሰኔ ጊዜ አለሽ። ጠረጴዛሽን ግን ከአሁኑ ንብረት ክፍል አስገባዋለሁ» ብለው ወጡ። ተስፋ እንደቆረጡ ድምፃቸው ይናገር ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛዋ ሄደ።

ሁለቱ ከክፍሉ ውጭ፣ ጽዱ ሥር ተቀመጡ። ዓምደ ሚካኤል ከረሜላዋን በጣቶቹ መካከል ያገላብጣል።

«መጀመሪያ ቀን፣ ቋጥኙ ላይ፣ ከአሥር ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«አጥሩ ሥርስ?»

«አሥር። መቁጠሪያው አለቀብኝ እንጂ ከዚያም በላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አልሽኝ?»

አሳየች በእውነት ገረማት። «እንዴት ነሽ ስትለኝ ምን ልበል? አገር አቋርጠህ ተምረህ የመጣህ ሰው፣ ለእኔ ብለህ በየጠዋቱ ዳገት እየወጣህ፣ ላብህ እየተንጠፈጠፈ፣ አልሆነልህም ብዬ ላሳፍርህ?»

ዓምደ ሚካኤል መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ ሳቁ መጣ። እናቱ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐኪሙ ምንዎን ያምዎታል ሲላቸው «እኔስ ደህና ነኝ፤ አንተ እንዴት ነህ? ልጆች ደህና?» ያሉት ትዝ አለው። የሩቅ አገር መጻሕፍት ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል ይላሉ። የእኛ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚያወራው ከሻይ በኋላ ነው፤ እሱንም ከወደደህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ያለምክንያት አልመጣም፤ የምንደብቅ ሰዎች ነንና ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልጠይቅሽም» አለ።

«ታዲያ በምን ታውቃለህ?»

እሷ መዳፏን ጋዋኗ ላይ ስትጠርግ አየ። ከእጇ ነጭ ሊጥ ይለቅ ነበር፤ ስትወድቅ ይዛው የነበረው ጠመኔ ነው። ሁለቱም እኩል አዩት፤ ሁለቱም እኩል ገባቸው። ከዚያ በኋላ አሠራራቸው ይህ ሆነ፦ ደወሉ ሲደወል አሳየች አንድ ጠመኔ ጨብጣ ትቀመጣለች፤ ካለፈ በኋላ መዳፏን ትዘረጋለች። ጠመኔው ከረጠበ እዚያው ይቆያሉ። ደርቆ ከወጣ ትንሽ ይቀርባሉ። አፍ ይሉኝታ ያውቃል፤ እጅ አያውቅም።

«ከረሜላውንም ተወው» አለችው አሳየች። «ደስ የሚለኝን እኔ ልንገርህ።»

ቋጥኙ ላይ ተመለሱ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጋሽ ነገሳ ቸርኬዋን ሲመቱ የክፍሎቹ በሮች ሁሉ ይበረገዱና ልጆቹ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚወርድ ገብስ ሜዳው ላይ ይፈስሳሉ። ጩኸታቸው ዳገቱን ወጥቶ ይደርሳል። አሳየች የምትወደው ያንን ነበር። ለካ ይህን ያህል ጊዜ አይታው አታውቅም፤ ደወሉ ሲደወል ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ስትቆም፣ ልጆቹ የሚወጡት ከጀርባዋ ነበር። አሁን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ደወል፣ ከዚያ ልጆች። ደወል፣ ከዚያ ልጆች። ስም የሚጠራ የለም፤ ማንም ዕቃውን ይዞ አይወጣም።

መጀመሪያ ሰሞን ጠመኔው በየቀኑ ሊጥ ነበር። ዓምደ ሚካኤልም «ነገ» ብቻ ይላል። አንድ ጠዋት መዳፏን ስትዘረጋ ጠመኔው ወዝ ብቻ ነበረው። ከጥቂት ቀን በኋላ ደረቀ። ወደ ታችኛው ዛፍ ወረዱ፤ እንደገና ረጠበ፤ እንደገና ደረቀ። ጋሽ ነገሳ ነገሩ ሲነገራቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ፣ ከመደወላቸው በፊት ወደ ዳገቱ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ያውለበልቡላት ጀመር። ፋሲካ ሲደርስ አሳየች አጥሩ ሥር ቆማ፣ ቸርኬዋን እያየች፣ ጠመኔዋን እንደደረቀ አወጣችው።

ለበዓሉ ትምህርት ተዘጋ። ከበዓሉ ተመልሳ የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ግን ጠመኔው እንደ ድሮው ውኃ ሆነ። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ተኛች። ዓምደ ሚካኤል በማግስቱ ሲመጣ ዳገቱን አልወጣም አለችው።

«ለከንቱ ነው የደከምነው። ያው ነኝ። አንተም ወደ ሥራህ ሂድ፤ እኔም ጠመኔ ላድል።»

ይህን ስትል አላፈረችም፤ እውነቷን ነበር የተናገረችው፤ ዓምደ ሚካኤልም ከምስጋናዋ ሁሉ ይህን ወደደው። ክፍሏ ድረስ ወስዶ ያረጀ ሰሌዳዋን አሳያት። «ከዚህ ላይ የትናንቱን ጽሑፍ ጠርገሽዋል?»

«ጠርጌዋለሁ።»

«ይታያል ግን።»

ይታያል። የዚያ ሰሌዳ ቀለም አልቋል፤ ምንም ብትጠርገው የአሮጌው ጽሑፍ ጥላ አይጠፋም። «ሆኖም በየቀኑ ከላዩ ትጽፊበታለሽ፤ ልጆቹም የሚያነቡት አዲሱን ነው» አለ። «የተማርሽው አይፋቅም። ከላዩ ሌላ ይጻፋል። ሰንበት ያልሽ እንደሆነ አሮጌው ብቅ ይላል፤ እንደገና ትጽፊበታለሽ፤ ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ይፈጥናል።»

«ይፈጥናል?»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ነይ እንውጣ።»

ሳቀች። ወጡ። እውነትም ፈጠነ፤ ወር የፈጀው በሳምንት ደረቀ። ከአጥሩ ወደ ግቢው ገቡ፤ ከግቢው ወደ በሩ። አንድ እሑድ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ከእናቷ ጋር የካ ሚካኤል ሄደች። መጀመሪያ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመች፤ ጠመኔ ጨብጣ። የቅዳሴው ደወል ተደወለ። መዳፏን አየች፤ ከዚያ ወደ ቅጽሩ ገባች። እማማ ወለተሥላሴ ልጃቸው ጠመኔ ይዛ ቤተ ክርስቲያን የመጣችበት ምክንያት አልገባቸውም፤ ግን መጥታለችና አልጠየቁም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ብዙ ቆዩ።

ሰኔ ገባ። ዓምደ ሚካኤል ፈተና ለማረም ወደ ዩኒቨርሲቲው ስለተመለሰ አሳየች ብቻዋን ቀረች። አቶ ገመዳ መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም፤ ጠረጴዛዋም ንብረት ክፍል ቁጭ ብሏል። በየደወሉ እየጠበቀች፣ በየደወሉ ጠመኔዋን እያየች ትውላለች። አንዳንዱ ቀን ደረቅ ነው፤ አንዳንዱ ቀን ወዝ አለው።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ በሌለበት ጸጥ ያለ ቀን፣ ክፍሉ በቆርኪ መቀነስ ይማራል። ዘሀራ የምትባል ልጅ ነበረች፤ መደመር እንደ ውኃ ትጠጣለች፣ መቀነስ ግን እምቢ ብሏታል። ዘጠኝ ቆርኪ ይዛለች፤ አራቱን ቀንሺ ስትባል ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። አሳየች አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ለምን አትቀንሺም?»

«የእኔ ናቸው። ለምን ይወስዷቸዋል?»

አሳየች ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። «ማንም አይወስድብሽም» አለቻት። «እንግዳ መጥቶብሻል እንበል። አራት እንግዳ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አንቺው በእጅሽ ስጪ። ከዚያ የቀረሽን ቁጠሪ።»

ዘሀራ አሰበች። እንግዳ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ለጎረቤቷ ሰጠች፤ አንዱን ከኋላ ላለው፤ አንዱን በመስኮት በኩል ላለችው፤ አራተኛውን ብዙ ካመነታች በኋላ ለአሳየች። ከዚያ የቀረውን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሳየች ያንን ዓይን ታያለች።

«አምስት» አለች ዘሀራ፤ ዓይኗም በራ።

«አምስት» አለች አሳየች። «እስቲ ደግሞ ሁለት እንግዳ ይምጣ።»

«ጓዲት አሳየች።»

ቀና አለች። አቶ ገመዳ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከቆሙ የቆዩ ይመስላሉ።

«ደወል አልሰማሽም እንዴ?»

«የቱን ደወል?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ከተደወለ ቆየ እኮ፣ ቲቸር» አለች ዘሀራ።

አሳየች በመስኮቱ ተመለከተች። የሌላው ክፍል ልጆች ሜዳውን ሞልተውታል። ጋሽ ነገሳ ከጽዱ ሥር ብረቱን እንደያዙ፣ አንገታቸውን ወደ እሷ ክፍል አስግገው ቆመዋል፤ ቸርኬዋ ሰንሰለቷ ላይ መወዛወዟን ትታለች። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የዘሀራ ቆርኪና ግማሽ ጠመኔ አሉ። ጠመኔው ደረቅ ነበር።

አቶ ገመዳም መዳፏን አዩ። ነገሩን ዓምደ ሚካኤል ነግሯቸው ይሁን ራሳቸው ገብቷቸው አይታወቅም።

«ልጆቹን ልቀቂያቸው እንጂ፤ ዕረፍታቸው እያለቀ ነው። ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በደወል ነው ብዬሻለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ደወል ሳታከብሪ ባገኝሽ በጽሑፍ አስጠነቅቅሻለሁ።» ሊሄዱ ከዞሩ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ጠረጴዛሽንም ከንብረት ክፍል አስመጪ» አሉ።

አሳየች እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ ልጆቹ ቲቸር ምን ሆነች ብለው አዩዋትና፣ ዕረፍት ይበልጥባቸዋልና ተንጋግተው ወጡ። እሷም ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀምጣ፣ ቆርኪዋን ኪሷ ከትታ ተከተለቻቸው። ጋሽ ነገሳ፣ ሜዳው ድረስ ሮጣለች ይላሉ፤ ልጅ ሳለች እንደምትሮጠው። ጋሽ ነገሳ ይዋሻሉ ብያችኋለሁ። ይህን ግን እኔም አምኛለሁ።